የወንድሜን 486 ዳግም ማስነሳት

ቀን 1

ዛሬ ኮምፒውተሩን ከዕቃ ቤት አወጣሁት። ላዩ ላይ ያለው አቧራ በጣት የሚጻፍበት ዓይነት ነው። ባለቤቱ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እኔ አጠገቡ ወንበር ስቤ ተራዬን የምጠብቅ ታናሽ ነበርኩ። እሱ ለሥራ ራቅ ብሎ ሲሄድ ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ቀረ።

ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር 486 ዲኤክስ2 ነው፣ 66 ሜጋሄርትዝ። ኢንቴል 486ን ያወጣው በ1989 ነው፤ ይህኛው ዓይነት በ1992 መጣ። ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ) 8 ሜጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 340 ሜጋባይት ነው። ሳውንድ ብላስተር 16 የሚባል የድምፅ ካርድ አለው። ስክሪኑ 14 ኢንች፣ ያ ጀርባው የሚያብጠው ከባዱ ዓይነት ነው።

ወንድሜ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለእረፍት ይመጣል። ሲመጣ ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያ የሚባለውን ጌም በዚሁ ማሽን፣ በዚሁ ኪቦርድ፣ በዚሁ ስክሪን ተራ በተራ እንድንጫወት እፈልጋለሁ። ሌላ ግብ የለኝም።

ላፕቶፔ ላይ ዶስቦክስ አለ፤ የድሮ ጌሞችን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ነው። ጎበዝ ፕሮግራም ነው፤ ስንትና ስንት አሮጌ ጌም ከመጥፋት አድኗል። ፕሪንስንም በእሱ ተጫውቼ ጨርሻለሁ። ግን ስጫወት የሚጎድለኝ ነገር አለ። ምን እንደሆነ በትክክል መናገር አልችልም። ይህን ማስታወሻ የምይዘው እግረ መንገዴን እሱን ለማወቅ ነው።

አንድ ነገር በጣም ከበደኝ። ማብሪያውን አልተጫንኩም። እጄ ሄዶ ሄዶ ተመለሰ። ይህን ያህል ዓመት የተቀመጠ ማሽን ሳይከፈት መብራት አይሰጠውም።

ቀን 2

ብሎኖቹን በካቻቪቴ ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሳሁ። የፈራሁት ደረሰ።

በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ማዘርቦርዶች (ሁሉም ክፍል የሚሰካባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ላይ በርሜል የምትመስል ትንሽ ባትሪ ተበይዳለች። 3.6 ቮልት ናት፣ ኒኬል ካድሚየም። ሰዓቱንና የሃርድ ዲስኩን ልክ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የምታስታውሰው እሷ ናት። ስታረጅ ትፈሳለች። ፈሳሹ መዳብ ይበላል። ብዙ 486ዎችን የገደላቸው ዕድሜ ሳይሆን ይህቺ ባትሪ ናት።

የእኛም ፈስሳለች። ኪቦርድ ከሚሰካበት ቦታ አጠገብ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ተጋግሮ አገኘሁ። ትንሽ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከአሥር ዓመት በፊት ከፍቼ ባትሪዋን ቆርጬ ብጥላት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን የተቀመጠ ሰው ቢኖር፣ ጌሙ ይቆይ፣ ዛሬውኑ ክዳኑን ከፍቶ ባትሪዋን ያውጣ።

ባትሪዋን በፒንሳ ቆርጬ አወጣሁ፣ የቀሩትን እግሮቿን በመበየጃ አሞቄ ነቀልኩ። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ አቼቶ ያረክሰዋል። በጥርስ ብሩሽ አቼቶ እየነካሁ ፈተግሁት። መጀመሪያ ላይ አረፋ ይላል፣ አረፋው ሲቆም ጨርሷል ማለት ነው። ከዚያ በተጣራ ውኃ አጠብኩት፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ደገምኩት። ሁለት ቀን ይደርቃል። አልቸኩልም።

ቀን 4

ደረቀ። በማጉያ መነጽር መስመሮቹን አንድ በአንድ አየሁ። በቴስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ። አንዱ ተበልቶ ተቆርጧል። በላዩ ቀጭን ሽቦ በየድኩ። እጄ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም፣ ቢሆንም ከፀጉር ብዙም በማይወፍር መስመር ላይ ሲሠሩ ትንፋሽ መያዝ ግድ ነው።

ለባትሪው ምትክ ሦስት ተራ የጣት ድንጋዮች በማቀፊያ አድርጌ ለውጭ ባትሪ በተዘጋጀው መሰኪያ ላይ ሰካሁ። ጃምፐሩን (ሁለት እግሮችን የምታገናኘውን ትንሽ መቀያየሪያ) ደግሞ ወደ ውጭ ባትሪ አዞርኩት። እንደዚያ ካልተደረገ ማዘርቦርዱ የማይሞላ ድንጋይ ሊሞላ ይሞክራል። ለጥንቃቄም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ መስመሩ ላይ ጨመርኩ። ማቀፊያውን ከማዘርቦርዱ አርቄ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። እንግዲህ ቢፈስም የሚፈሰው ብረት ላይ ነው።

ቀን 5

ፓወር ሰፕላይ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሳልጽፍ አላልፍም፣ ሰው ሊጎዳ ይችላልና።

አንደኛ፣ በእነዚህ አሮጌ ሳጥኖች ፊት ለፊት ያለው ማብሪያ እንደ ዛሬው ትንሽ ምልክት ብቻ የሚያስተላልፍ አይደለም። የግድግዳው ኤሌክትሪክ ራሱ በወፍራም ገመድ እስከ ማብሪያው ይመጣል። ስለዚህ መሰኪያው ሳይነቀል እዚያ አካባቢ እጅ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት መሰኪያዎች ሁለት ናቸው፤ ፒ8 እና ፒ9 ይባላሉ። ተቀያይረው መግባት ይችላሉ። ከተቀያየሩ ማዘርቦርዱ አለቀለት። ሕጉ ቀላል ነው፦ ጥቁር ገመዶቹ መሐል ላይ ጎን ለጎን ይገናኙ። ይህን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ያን ጊዜ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር።

ማዘርቦርዱን ሳልነካ፣ ሌላ የማይረባ ሃርድ ዲስክ እንደ ጭነት ሰክቼ ለካሁ። ባዶውን ማስነሳት ለእነዚህ ፓወር ሰፕላዮች ጥሩ አይደለም። የአምስት ቮልቱ መስመር 5.06፣ የአሥራ ሁለት ቮልቱ 11.9 አሳየ። ፋኑ ትንሽ ይጮኻል። ጠብታ ዘይት ሰጠሁት።

ማታ

አስነሳሁት። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከውስጥ ግን ድምፅ መጣ፦ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

ስድስት ጊዜ ነው። ሁለቴ፣ ሦስቴ አጥፍቼ አብርቼ ቆጠርኩ። ስድስት።

ደስ አለኝ። ጥቁር ስክሪን እያዩ መደሰት ለሌላ ሰው ግራ ሊሆን ይችላል። ግን የሞተ ማሽን አይቆጥርም። ፕሮሰሰሩ ሕያው ነው፣ ባዮሱም (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) እየሠራ ነው፣ የታመመበትንም ቦታ እየነገረኝ ነው።

ቀን 6

የማሽኑ ባዮስ ኤኤምአይ ነው። በእሱ ቋንቋ ሦስት ጢጥታ የራም ችግር ነው፣ ስምንት የስክሪን ካርድ። ስድስት ማለት የኪቦርድ ተቆጣጣሪው ቺፕ፣ በተለይ ኤ20 የሚባለው በር አልሠራም ማለት ነው።

ስለዚህ በር ልጻፍ፣ ታሪኩን እወደዋለሁ። የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር የማስታወሻ አድራሻ የሚጠራባቸው 20 መስመሮች ነበሩት፣ ከዜሮ እስከ 19። ሃያ መስመር አንድ ሜጋባይት ያህል ይደርሳል። በ1984 ፒሲ ኤቲ ከ286 ጋር ሲመጣ መስመሮቹ በዙ። ችግሩ አንዳንድ የቀድሞ ፕሮግራሞች ከአንድ ሜጋባይት ሲያልፉ ተመልሰው ወደ ዜሮ እንደሚዞሩ አምነው የተጻፉ መሆናቸው ነው። እነሱ እንዳይበላሹ ሃያ አንደኛው መስመር፣ ኤ20፣ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ተደረገለት። በሩን ለመቆጣጠር የተመደበው ደግሞ ትርፍ እግር የነበረው የኪቦርድ ቺፕ ነው። እንዲህ ሆኖ ነው የኪቦርድ ቺፕ ከትልቁ ማስታወሻ ጋር የተቆራኘው። በሩ ካልተከፈተ ከአንድ ሜጋባይት በላይ ያለው ራም በአግባቡ አይገኝም።

ባትሪዋ የፈሰሰችው ደግሞ የት ነው? ኪቦርዱ አጠገብ። እንግዲህ ምን እንደምፈልግ አወቅሁ።

ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለተኛው የተበላ መስመር የተደበቀው ከቺፑ ሶኬት ስር ነበር። ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም። ሶኬቱን መንቀል ስላልፈለግሁ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ሽቦ ዘርግቼ ከእግሩ ጋር በየድኩት።

ማብሪያውን ተጫንኩ። አንድ አጭር ጢጥ። ከዚያ ስክሪኑ ቀስ እያለ እንደሚነጋ ሰማይ ፈካ፣ ጥግ ላይ ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ራሙን ሲቆጥር የሚያሰማው ያ ትንሽ ትክ ትክ ትክ። ይህን ድምፅ ረስቼው ነበር። ረስቼ እንደነበርም አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ ቁጥሩ ሲሮጥ አብሬው በአፌ ለመቁጠር እሞክር ነበር።

8 ሜጋባይት ሙሉውን ቆጠረ።

ቀን 8

ሃርድ ዲስክ። ከሁሉም የፈራሁት ይህንን ነው። ማዘርቦርድ ቢሞት ሌላ ይፈለጋል። ዲስኩ ላይ ያለው ግን ሌላ ቦታ የለም።

አልዞረም። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ሞተሩ ለመነሳት ይሞክርና ይቆማል። ብዙ የተቀመጡ ዲስኮች እንዲህ ይሆናሉ፤ የንባብ ጭንቅላቱ ከሳህኑ ጋር ይጣበቃል። ጠፍቶ ሳለ ዲስኩን በመዳፌ ጠፍጣፋ ይዤ እንደ ጠርሙስ ክዳን ወዲያና ወዲህ ቶሎ ቶሎ አዞርኩት፣ በቀስታ፣ ሳላንኳኳ። በሦስተኛው ሙከራ ውስጡ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ እየከረረ ሄደ። ዞረ!

ከዚህ በኋላ አላጠፋሁትም። የተዘጋጀ የካሜራ ካርድ ነበረኝ፣ ኮምፓክት ፍላሽ፣ 512 ሜጋባይት። ይህ ካርድ ከድሮው የሃርድ ዲስክ መሰኪያ ጋር በአንድ ርካሽ ማገናኛ ብቻ ይግባባል። ልኩን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የዚያ ዘመን ባዮስ የሚቆጥረው 1024 ሲሊንደር፣ 16 ጭንቅላት፣ 63 ሴክተር ድረስ ነው። አንዱ ሴክተር፣ የዲስኩ ትንሿ ክፍል፣ 512 ባይት ነው። ሲባዛ 528 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይመጣል። ከዚያ የሚበልጥ ካርድ ባስገባ ትርፉን አያየውም።

ፋይሎቹን በሙሉ ገለበጥኩ። ሁለት ፋይሎች አልተነበቡም፣ የሁለቱንም ይዘት አውቃለሁ፣ ጉዳት የለውም።

ከዚያ የጌም ማህደሩን ከፈትኩ። ፕሪንስ አለ። ከጌሙ ጎን አንድ ትንሽ ፋይል አለ፣ ጨርሰው ያሸነፉ ሰዎች ስም የሚመዘገብበት። ቀኑ 1996 ይላል። ጌሙን አስነስቼ ዝርዝሩን አየሁት።

አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። የወንድሜ ነው፣ በቤት ስሙ የተጻፈ። የቀረው ጊዜ 4 ደቂቃ።

ያን ቀን አስታውሳለሁ። ትምህርት ቤት ስለነበርኩ አላየሁም። ስመለስ "ጨረስኩት" አለኝ፤ እኔ አላመንኩትም። ይኸው ማስረጃው ይህን ሁሉ ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ዶስቦክስ ውስጥ ይህ ስም የለም።

ቀን 9

ምንም አልሠራሁም። ፋይሎቹን ሦስት ቦታ ገልብጬ አስቀመጥኩ፣ በቃ።

ቀን 11

ሳውንድ ካርድ። ሳውንድ ብላስተር 16 በ1992 የወጣ ነው። ሙዚቃውን የሚያወጣው ያማሃ የሠራው ኦፒኤል3 የሚባል ቺፕ ነው። የተቀዳ ድምፅ አያጫውትም። ሞገዶችን እርስ በርስ እያናወጠ ድምፁን ራሱ ይፈጥራል። ለዚህ ነው የዚያ ጊዜ ጌሞች ከበሮ ከበሮ የማይመስለው፣ ክራሩም ክራር የማይመስለው፣ ግን ማንም ሲሰማው የጌም ሙዚቃ መሆኑን የሚያውቀው።

ካርዱ አንዳንዴ ዝም ይላል። ምክንያቱ እንደ ድሮው ነው። ለካርዱ የተሰጠው የማቋረጫ ቁጥር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር፣ 7 ነበር፤ ይህ ቁጥር የፕሪንተር መሰኪያውም ነው። ወደ 5 ቀየርኩት፣ በማስነሻው ፋይልም አስተካከልኩ። ያኔ ጌም ለማጫወት ይህን ማወቅ ግድ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ አድራሻ 220፣ ማቋረጫ 5፣ ዲኤምኤ 1 ብዬ እንደ ጸሎት በቃሌ እወጣው ነበር።

ቀጥሎ ራም። ማሽኑ 8 ሜጋባይት ቢኖረውም ዶስ (የማሽኑ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ራሱ የሚሠራው በመጀመሪያው 640 ኪሎባይት ውስጥ ነው። የማውዝ ፕሮግራም ትንሽ ይወስዳል፣ ሳውንዱ ትንሽ ይወስዳል፣ የቀረው ለጌሙ ነው። ስጀምር 561 ኪሎባይት ነጻ ነበር። ዶስን ወደ ላይ አሸጋግሬ፣ ማውዙንም ከላይ ባሉት ክፍተቶች አስገብቼ፣ የማያስፈልገውን አውጥቼ 612 አደረስኩት። ሙሉ ምሽት ወሰደ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ዛሬ ስልኬ ላይ ስንት ጊጋባይት እንዳለ እንኳ አላውቅም። እዚህ ግን እያንዳንዱን ኪሎባይት በስሙ አውቀዋለሁ።

ቀን 13

ስክሪኑ። ውስጡን አልከፈትኩም፣ አልከፍትምም። የከለር ስክሪን ቱቦ ውስጥ ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ አለ፣ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ይህ ለሚያውቅበት ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። ከውጭ አጸዳሁት፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ጠረግሁ።

ሲበራ ያ "ድውም" የሚል ድምፅ አለው። ሲነሳ ራሱን ከማግኔት የሚያጸዳበት ድምፅ ነው። ጥጉ ላይ የነበረው ሐምራዊ ጥላ በሦስት ቀን ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ማብራት እየቀነሰ ጠፋ።

አሁን ወደሚጎድለኝ ነገር አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

ጌሞቹ በአብዛኛው ወደ ጎን 320፣ ወደ ታች 200 ነጥብ ናቸው። በዛሬ ስክሪን ላይ እንዳለ ሲቀመጥ ምስሉ ይጨፈለቃል። የድሮው ስክሪን ግን 200ውን መስመር እያንዳንዱን ሁለቴ እየሳለ 400 ያደርገዋል፣ በሴኮንድ 70 ጊዜ፣ ሙሉውን የ4 ለ3 ፊቱንም ይሞላል። ነጥቦቹ ካሬ አይደሉም፣ ትንሽ ቆም ያሉ ናቸው። ሠዓሊዎቹ የሣሉት ይህንን እያዩ ነው። ልዑሉ ላፕቶፔ ላይ ወፈር ብሎ ነበር። እዚህ ረጅምና ቀጭን ልጅ ነው።

ሌላው እንቅስቃሴው ነው። ቱቦው ውስጥ የሚሮጠው ጨረር የስክሪኑን የውስጥ ቅብ፣ ፎስፈሩን፣ ለቅጽበት ያበራውና ያልፋል። ምስሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ዐይን ላይ አይጎተትም። ሲሮጥ እግሩ አይደበዝዝም።

ይህን ሩጫ ለማየት ነው ሁሉም። የጌሙ ፈጣሪ ጆርዳን ሜክነር ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ ሲሮጥና ሲዘል ቀረጸው። ከዚያ ቪዲዮውን ምስል በምስል እየተከተለ ልዑሉን ሣለ። ጌሙ በ1989 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ወጣ፣ በ1990 ወደ ፒሲ መጣ። ሙዚቃውን የደረሰው አባታቸው ፍራንሲስ ሜክነር ነው። የቤተሰብ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። እኔና ወንድሜ ያንን የሌላ ሰው ታናሽ ወንድም ስናስሮጥ፣ ስናስዘልል፣ ጉድጓድ ውስጥ ስንጥል ነው ያደግነው።

አንድ ልጨምር። አፕል 2 ላይ ራም አልበቃ ብሎት ሜክነር ተጨማሪ ጠላት መሣል አልቻለም ነበር። ስለዚህ የልዑሉኑ ምስል በራሱ ላይ አዛብቶ የሚያብረቀርቅ ጥላ ፈጠረ። መስተዋቱን ጥሶ የሚወጣው ጥላ እንዲህ ተወለደ። የጌሙ ከሁሉ የሚያምረው ሐሳብ የመጣው ከጥበት ነው። 612 ኪሎባይቴን ሳስብ ይህ ታሪክ ይገባኛል።

ቀን 15

ፍሎፒ። ሳጥኑ ውስጥ 22 ዲስክ አገኘሁ። እያንዳንዱ 1.44 ሜጋባይት ነው፦ 80 ትራክ፣ ሁለት ፊት፣ በየትራኩ 18 ሴክተር።

ከማስገባቴ በፊት የብረት መሸፈኛቸውን እያንሸራተትኩ አየሁ። አራቱ ሻጋታ አላቸው። እነዚህን አላስገባሁም። አንድ የሻገተ ዲስክ የንባብ ጭንቅላቱን ያቆሽሸዋል፣ የቆሸሸው ጭንቅላት ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ይቧጭራል። ጭንቅላቱን በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረግሁ።

ከ18ቱ 11 ሙሉ በሙሉ ተነበቡ። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ የዶስ 6.22 ማስጫኛ ናቸው።

ከዲስኮቹ ስር የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። የወንድሜ የእጅ ጽሑፍ ነው። ገጽ፣ መስመር፣ ቃል፣ ፊደል እያለ ይዘረዝራል። ወዲያው ገባኝ። ፕሪንስ የመጀመሪያውን ደረጃ ሲያልፉ ብልቃጦች የሞሉበት ክፍል ውስጥ ያስገባል። በላያቸው ፊደል አለ። ከጌሙ መጽሐፍ እዚህ ገጽ፣ እዚህ መስመር ላይ ያለው ቃል በምን ፊደል ይጀምራል ይላል። መጽሐፉ የሌለው ሰው እንዳይጫወት ነው። ወንድሜ ከጓደኛው መጽሐፍ ተውሶ ቁጭ ብሎ ገልብጦታል። ወረቀቱን አስተካክዬ ስክሪኑ ጎን ለጠፍኩት።

ቀን 16

የሳጥኑ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኗል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ በማስቀመጥ ማንጣት ይቻላል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ቢጫው ግን ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ። እኔ አልነካውም። ወንድሜ የለጠፈው ስቲከር ጫፉ የተቀደደ ነው፣ እሱም እንዳለ ይቆይ።

ቀን 18

ዊንግ ኮማንደርን ሞከርኩ፣ የ1990 ጌም። መርከቦቹ እንደ ዝንብ ይወናጨፋሉ። ጌሙ በጊዜው ለነበሩ ቀርፋፋ ማሽኖች የተጻፈ ነው፤ ፍጥነቱን የሚገድብለት ነገር የለም፣ ማሽኑ የቻለውን ያህል ይሮጣል።

እዚህ ላይ ነው ቱርቦ የሚባለው ቁልፍ ሥራው የሚታየው። ስሙ የሚያፈጥን ያስመስለዋል። እውነቱ ግን ሲለቀቅ ማሽኑን ያዘገየዋል። ተጫንኩት፣ ፊት ላይ ያለው ቁጥር ከ66 ወደ 33 ወረደ። (ቁጥሩ የሚለካ አይደለም። ከጀርባው ባሉ ጃምፐሮች የተሞላ ጽሑፍ ነው። ልጅ ሆኜ እንደ መኪና ፍጥነት መለኪያ አምነው ነበር።) ጌሙ ተረጋጋ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም የሚጫወቱት ሆነ።

ዱም የሚባለው ጌም ደግሞ በተቃራኒው ነው። በታኅሣሥ 1993 ወጣ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 35 ምስል ላይ ይገደባል፤ ይህ ማሽን ሙሉ ስክሪን ላይ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ጠርዙን አጥብቤ በትንሽ መስኮት ተጫወትኩ፣ ልክ ወንድሜ ያደርግ እንደነበረው። እይታው ሲጠብ በሩ ከፊቴ ሲከፈት ያለው ፍርሃት አልጠበበም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ ተነስቼ መብራት አበራሁ።

ቀን 22

መጣ።

ሻንጣውን በር ላይ እንዳስቀመጠ ወደ ክፍሉ ጎተትኩት። ምንም አልነገርኩትም ነበር። ቆሞ አየው። ስቲከሩን በአውራ ጣቱ ነካው።

"ይነሳል?"

"አስነሳው።"

ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ድውም አለ። ራሙ ትክ ትክ እያለ ቆጠረ። ወንድሜ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ፍሎፒው ሲንቀሳቀስ ያ ቁርርጥ የሚል ድምፅ መጣ። ዶስ ተነሳ።

ከዚያ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ።

"ዲስኩ ለምን አይንኳኳም?"

በካርዱ ነበር ያስነሳሁት። ካርድ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ ድምፅ የለውም። ነገርኩት። "ጥሩ ነው" አለ፣ "ፈጣን ነው።" ግን ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አዘንብሎ ቆየ።

ፕሪንስን ከፈትን። የድሮው ሕግ አልተለወጠም፦ የሞተ ወንበር ይለቃል። የጌሙ ሰዓት 60 ደቂቃ ነው፣ ብትሞትም አይቆምም። ዝርዝሩን ከወረቀቱ እያነበብኩለት ትክክለኛውን ብልቃጥ ጠጣ። "ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው እንዴ?" አለ፤ ዞሮ አየኝ። በሦስተኛው ደረጃ ያ አጽም ተነሳ፤ በሰይፍ እንደማይሞት፣ ገፍተው መጣል እንዳለባቸው ጣቶቹ ያስታውሳሉ። አፉ ሳይናገር እጁ ሠራው።

እኔ እሾሁ ላይ ወደቅሁ፣ ተነሳሁ። እሱ ገደል ሳተ፣ ተነሳ። በእያንዳንዱ ለውጥ ትከሻችን ይጋጫል። ወንበሩ ጠባብ ነው። ስምንተኛው ደረጃ ላይ በር ተዘግቶበት ቆመ፤ ልዕልቲቱ የላከቻት አይጥ መጥታ ማንሻውን ረገጠችለት። ሁለታችንም አንድ ላይ ጮኽን።

ላፕቶፑ ላይ የጎደለኝ ይህ ነው። ላፕቶፑ ላይ ስሞት ያው እንደገና እጀምራለሁ፣ ብቻዬን፣ ማንም ወንበር አይቀበለኝም፣ የሚጠብቀኝም የለም። ይህ ማሽን አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓት ነው ያለው። ሌላው ሰው የግድ አጠገብ ይሆናል።

አሥረኛው ደረጃ ላይ ሰዓቱ አለቀ።

የስም ዝርዝሩን ከፈትኩለት። ስሙን አየ። 4 ደቂቃ። ዝም አለ፣ ከዚያ "አላመንከኝም ነበር" አለ።

"አላመንኩህም።"

ቀን 23

ጠዋት እሱ ተኝቶ ሳለ ሳጥኑን ከፈትኩ። ካርዱን ነቅዬ መጠባበቂያ ብዬ በፖስታ አደረግሁት። አሮጌውን 340 ሜጋባይት ዲስክ ወደ ቦታው መለስኩ። ያለው ሁሉ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ አንድ ቀን ቢሞትም የምናጣው ነገር የለም። እስከዚያው ይሥራ።

መጀመሪያ ሲበራ አልዞረም። እንደዚያ ቀን በመዳፌ አዞርኩት። ፉጨቱ ቀስ እያለ ከረረ። ዶስ ሲነሳ ዲስኩ እንደ ጠጠር ተንኳኳ፦ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ።

ከወዲያኛው ክፍል የአልጋ ድምፅ ሰማሁ። ወንድሜ በነጠላ ጫማው መጣ፣ ምንም ሳይል ሁለተኛ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ተራው የማን ነው?"

"የኔ" አልኩት፤ ጌሙን ከፈትኩ።